በቁሙ የተለቀሰለት ሰው

ባለፈው የካቲት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንሄድ ዳባት መግቢያ ላይ መኪናችን ቆመ። ለቅሶ አስፋልቱን እየተሻገረ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ። አብራን የነበረች ወጣት ጋዜጠኛ «ማን ሞቶ ነው?» አለች፤ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ የማየው የሴቶቹን ፊት ነበር። ለቅሶ ባየሁ ቁጥር ከልቧ የምታለቅሰውን ለመለየት የመሞከር ክፉ ልማድ አለብኝ። ልማዱ የያዘኝ እዚሁ አገር ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጠላት ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። ጋዜጣ ላይ ከተቀጠርኩ ዓመት ሳይሞላኝ አዘጋጁ በጣልያን ጊዜ የነበሩ ሴቶችን አነጋግሪ ብሎ ወደ ዳባት ላከኝ። ጥቅምት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይነጣል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ገብሱ ደርሶ ስለነበር በየማሳው ጫፍ ሰው ጭላዳ ዝንጀሮ ለማባረር ይጮሃል። ከዳባት የሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቼ ወይዘሮ አንጓች ቤት ደረስኩ። ስድሳ የተጠጋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። የገብስ ቆሎና ጠላ አቀረቡልኝና ደብተሬን አዩት።

«ይህን ሁሉ የምትጽፊው ልትከሺኝ ነው እንዴ?»

«ኧረ ልጠይቅዎት ነው፣ እማማ።»

«ከሳሽም መጀመሪያ ይጠይቃል» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ነገሩኝ። ጣልያን ወልቀፊት ላይ መሽጎ ሳለ ባላቸው ካሴ ከአርበኞች ጋር ዱር ገባ። የምሽጉ አስተርጓሚ እየተመላለሰ «ባልሽን አምጪ» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ አስገረፋቸው፤ በመጨረሻ መንደሩን እንዳለ አቃጥላለሁ ብሎ ዛተ። ያን ጊዜ የካሴ እህት ብርቄ ዘዴ አመጣች። ካሴ ሞቷል ብለን እናልቅስ፤ የሞተ ሰው አይፈለግም። አንጓች እሺ ብለው ፀጉራቸውን ተላጩ። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ለቅሶው ተቀመጠ። ሬሳ ስለሌለ የካሴን በርኖስ መሐል አድርገው ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፤ ቄሱም ፍትሐት አደረሱ። አስተርጓሚው ቆሞ አየና ሄደ። ዳግመኛ አልመጣም።

ጠላት ሲወጣ ሌሎቹ ከዱር ተመለሱ፤ ካሴ አልተመለሰም። ሞቷል ተባለ። መቼ እንደሞተ ለሚስቱ የነገራት የለም። አገሬው ግን በቁሙ አልቅሳ ሞት ጠራችበት አለ። ወይዘሮ አንጓች ጾሙ፣ ጠበል ተጠመቁ፤ ሐሜቱም ሐሳቡም አልለቀቃቸውም። ሌላ ባል አላገቡም።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «ገድዬው ይሆን?»

አይደለም ማለት በቻልኩ ነበር። ያላጣራሁትን አልናገርም ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ቄስ ላልሞተ ሰው ፍትሐት እንደማያደርስ ከልጅነቴ አውቃለሁ።

በማግስቱ የካሴ እህት ወደሚኖሩበት ወደ ደባርቅ በጭነት መኪና ሄድኩ። ወይዘሮ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ ጌሾ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ማንነቴን ነግሬ፣ ቄሱ በሕይወት ላለ ሰው እንዴት ፍትሐት እንዳደረሱ ጠየቅኋቸው። እጃቸው ቆመ።

«አንጓች ናት የላከችሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«አባ አልዋሹም» አሉ። «ካሴ የሞተው በሚካኤል ነው። መርዶው በማግስቱ ለእኔ ደረሰኝ። የምናውቀው አራት ሴቶችና ቄሱ ብቻ ነበርን።»

«ለሚስቱ ለምን አልነገሯትም?»

«አንጓችን አታውቂያትም። ሬሳውን ልፈልግ ብላ ትሮጥ ነበር። እሷን ተከትለው ቆስለው የተደበቁትን ይለቅሟቸው ነበር። ወንድሜስ ሳይለቀስለት ይቅር?»

«ከነጻነት በኋላስ?»

«እንዳንናገር አባ ገዝተውን ነበር። ግዝቱን ሳይፈቱልን ሞቱ።»

«ሌላ ቄስ አይፈታውም ነበር?»

«ይፈታው ነበር።» ጌሾውን መበተን ጀመሩ። «ዛሬ ነገ ስል ሰው ሟርተኛ አላት። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ?»

አንድ ምስክር አይበቃኝም። ከካሴ ጋር የነበሩ አንድ አዛውንት እዚያው ከተማ አገኘሁ፤ እሳቸውም ሳልጠቁማቸው በሚካኤል አሉ። ከለቅሶው አራት ቀን በፊት ማለት ነው። ወደ ዳባት ተመልሼ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። በሩ ላይ ሆኜ እያለከለክሁ፣ «እማማ፣ አልገደሉትም! ስታለቅሱለት ሞቶ ነበር!» አልኩ፤ የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት።

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም።

«በሚካኤል?» አሉ።

«በሚካኤል።»

«እኔ እኮ የለቅሶው ዕለት ስቄያለሁ» አሉ። «አፌን በነጠላዬ ይዤ። ብርቄ መሬት ላይ ስትንከባለል አየኋትና፣ አቤት ስታውቅበት! ካሴ ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ አብረን እንስቃለን እል ነበር።»

«በይ ሂጂ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉኝ። ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ከቤቱ ድምፅ አልወጣም።

ጽሑፉን ለአዘጋጁ አልሰጠሁም፤ ሰዎቹ ሁሉ እስኪያልፉ ልቆይ አልኩ፤ አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ አጣርቻለሁ። ያን ቀን የነገርኩትም አንድ ስሕተት የለበትም፤ ዛሬም ቢሆን እነግራቸው ነበር። ግን በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር የቄስ ልጅ ሆኜ አውቃለሁ። ማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛዋን ግራና ቀኝ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ወይዘሮ አንጓች የባላቸው መርዶ የደረሳቸው ያን ቀን ነበር። እኔ ብቻዬን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ምሥራች ነገርኳቸው።