ኪኒኑን ተዪው ያልኳት ልጅ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። ዛሬም ሰው ሱቄ ገብቶ "ይሄ ለምን ይጠቅማል?" ሲለኝ ምላሴ ይተሳሰራል።

ሱሉልታ ውስጥ ተልባ፣ ማርና የሽፈራው ቅጠል ዱቄት እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ብዙዎቹ ሯጮች ናቸው። አንዷ ጫልቱ የምትባል፣ ለሩጫ ክለብ ምርጫ የምትዘጋጅ ልጅ ነበረች። ጤና ጣቢያ "ደም ማነስ አለብሽ" ብለው የብረት ኪኒን ሰጧት፤ ኪኒኑ ሆዷን አመማት።

"ተዪው ባክሽ! ሽፈራው እያለልሽ? ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ" አልኳት። ሰማችኝ።

ሽፈራውን ሁሌም በቅጠሉ አስመጥቼ ራሴ ነበር የማስፈጨው። ያን ሰሞን ግን ቅጠል ጠፋና የተፈጨ ገዛሁ። መዳፌ ላይ አሸሁት፣ አሸተትኩት፤ ደህና መሰለኝ፤ ለጫልቱም ከዚያው ሸጥኩላት።

ከሳምንታት በኋላ ጫልቱ ልምምድ ላይ ወደቀች። እኔ ሆዬ፣ "ማንኪያውን ጨምሪ" አልኳት!

በዚያው ሰሞን አንዲት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጣች። ከየሱቁ የሽፈራው ዱቄት እየወሰደች በልዩ ካሜራ ታነሳለች፤ ምስሉን ንጹሕ ሽፈራውን እንዲለይ የሠለጠነ ኮምፒውተር ይመረምረዋል።

"ካሜራው ይቀምሳል እንዴ የኔ ልጅ?" ብዬ ቀለድኩባት።

"አይቀምስም እትዬ። ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ነው የሚያየው።"

ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። ስልኳ ላይ ምስሉን አሳየችኝ፤ ሽፈራው የሆነው አረንጓዴ፣ ያልሆነው ቀይ። ቀዩ ይበዛል።

"ቀዩ ታዲያ ምንድን ነው?"

"ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሽፈራውን ብቻ ነው። ይሄ ሽፈራው አይደለም ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።"

 ሱቁን ዘግቼ ጫልቱ ወደተከራየችበት ቤት ሄድኩ። ተኝታለች። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት። 

"እትዬ፣ እኔ ኪኒኑን የተውኩት እርስዎን አምኜ እንጂ ዱቄቱን አምኜ አይደለም" አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የተረፈውን ዱቄት ለምርመራ አስረክቤ፣ ምን እንዳልኳት ለነርሷ በራሴ አፍ ተናገርኩ። ኪኒኑን ቀየሩላት፤ ቀስ በቀስ ዳነች። የዚያ ዓመት ምርጫ ግን አመለጣት።

አሁን ቅጠሉን ራሴ ካላስፈጨሁ አልሸጥም። ኪኒን የታዘዘለት ሰው ሲመጣ "ሐኪምህን ጠይቅ" እላለሁ።

ጫልቱ ይቅር ብላኛለች። ጠዋት ስትሮጥ በሱቄ በኩል ካለፈች እጇን ታነሳልኛለች፤ እኔም አነሳላታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ከኔ ምንም ገዝታ አታውቅም። እውነቷን ነው።