ሙንተሃ ያላነበበችው ጥያቄ

ሙንተሃ አረንጓዴውን ምልክት ተጭና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ምን አለ?» አሉ አባቷ አቶ ሙክታር፣ ያልነኩትን ቁርስ ገፋ አድርገው።

«እንዴት አደሩ ነው የሚለው፣ አባባ።»

«አልሃምዱሊላህ በይልኝ። ይኼ ሆስፒታል ከወንድምሽ ይሻላል። እሱ ደቡብ አፍሪካ ከገባ ወዲህ ለዒድ ብቻ ነው የሚደውል።»

«ብዬልዎታለሁ።»

ስልኩ ያለው ግን ሌላ ነበር። «ብሽሽትዎ ላይ ያለው እብጠት ሲተኙ ተመልሶ ይገባል?» ነበር ያለው። ከሥሩ ደግሞ «ያስመልስዎታል? ሆድዎ ደርቋል?» ይላል።

ዘመኑ 2009 ነው። አንድ የሀዋሳ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ አረጋውያንን በስልክ መከታተል ጀምሯል። ታቢታ የምትባል ነርስ መተግበሪያውን ሙንተሃ ስልክ ላይ ጭና አስረዳቻት። መልሱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ማለት እብጠቱ ይገባል፣ ሌላም ችግር የለም ከተባለ፣ ታማሚው ቤቱ ተኝቶ ተራውን ይጠብቃል። ቀይ ከሆነ ታቢታ ትደውላለች፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይገባል።

«ቡአ ከታነቀ፣ ወጥቶ አልመለስ ካለ፣ ጊዜ አይሰጥም» አለች ታቢታ። «ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቢላቸው። የሚያፍሩ ከሆነ ወንድ ያንብብላቸው።»

ሙንተሃ እሺ አለች።

አቶ ሙክታር ከስልጤ ወጥተው ሀዋሳ የገቡት ጢም ሳያበቅሉ ነው። ካልሲና ማበጠሪያ እያዞሩ ሸጡ፤ ኋላ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። ካረጁም በኋላ ጣቃ የሚያነሱት ራሳቸው ነበሩ። «በእጄ ያልመዘንኩትን ጨርቅ ምን ብዬ ላመስግነው?» ይላሉ። ሐኪሙ ቡአውን ያባባሰው ይኸው ሸክም ነው አላቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ባህል አዳራሽ አጠገብ ባለው ቤት ከሙንተሃ ጋር ሁለት ሆነው ይኖራሉ።

አባትና ልጅ ስለ ግብር፣ ስለ ዘካ፣ ስለ እናቷ መቃብር ሳይቀር ያወራሉ። ከወገብ በታች ስላለው ነገር ግን በዚያ ቤት ቃል ተነፍሶ አያውቅም። አባቷ በተመረመሩ ቀን እንኳ ሙንተሃ ውጭ ቆማ ነው የጠበቀችው። የሱቅ ጎረቤታቸውን ሸዋንግዛውን ልትለምን አሰበችና ተወችው። ቡአ ያለበት ሰው ገበያው ስም ያወጣለታል፤ ስሙም እስከ መቃብር ይከተለዋል።

በመጀመሪያው ጠዋት ጥያቄውን አየችው። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው።

«አባባ፣ ደህና አደሩ?» አለች በምትኩ።

«አልሃምዱሊላህ።»

አረንጓዴውን ተጫነች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንደዚያው ሆነ። አቶ ሙክታር ሲያቃስቱ አድረውም ለጠየቃቸው የሚመልሱት ያንኑ ነው። እንዴት አደሩ ላለ ሰው ሕመም መዘርዘር ፈጣሪን መክሰስ ነው ተብለው አድገዋል።

በኋለኛው ሰሞን ምግብ ተዉ። «ሙቀቱ ነው» አሏት። ሱቅ ውስጥ ሲቆሙ ባንኮኒውን ይደገፋሉ። አየች፤ ስልኩ ሲጠይቅ ግን ያንኑ ጠየቀች፣ ያንኑ ተጫነች።

ረቡዕ ከሰዓት ሸዋንግዛው ብቅ ሲል አቶ ሙክታር አቡጀዲው ላይ ጋደም ብለዋል።

«ሙክታር፣ ሸጠህ ሸጠህ ሲያቅትህ ተኛህበት?» አለ።

ጠጋ ሲል ሲያስመልሳቸው አየ። ባጃጅ ጠራ፤ ሙንተሃን አስጠርቶ አብራቸው አሳፈረና ሱቁን ሊጠብቅ ቀረ።

ሆስፒታል ታቢታ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ ሙንተሃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይገባው?»

«ከእሑድ።»

ታቢታ መዝገቡን ስልኳ ላይ ከፈተች። «እሑድ፣ እብጠቱ ይገባል ወይ ተብለው አዎ ብለዋል። ሰኞም አዎ። ዛሬ ጠዋትም። ያስመልስዎታል ሲባሉ አይ።» ቀና አለች። «ሙንተሃ፣ ጥያቄውን ታነቢላቸው ነበር?»



አቶ ሙክታር ስልኩ ምን ይጠይቃቸው እንደነበር የሰሙት ገና አሁን ነው። ልጃቸውን አዩዋት። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«ታነብልኝ ነበር» አሉ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። የደበቅኩት እኔ ነኝ። እሷን ተያት።»

ታቢታ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች። አልጋውን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገፉት ሙንተሃ ጠርዙን ይዛ እስከ በሩ ሄደች።

«አባባ፣ እኔ እኮ …» አለች።

«ሱቁን ቆልፈሻል?»

«ሸዋንግዛው አለ።»

«ደግ። በይ እንግዲህ አልጋውን ልቀቂው፣ ይዘውኝ ይግቡ።»

ለቀቀችው። በሩ ተዘጋ።

ሐኪሙ ሲወጣ መሽቶ ነበር። አንጀቱ ታንቆ ሞቷል፣ ቆርጠን አውጥተናል፣ መርዙ ግን ደማቸው ውስጥ ገብቷል አላት። ቀድመው ቢመጡ ቀላል ነበር አለ። አቶ ሙክታር አልነቁም። በማግስቱ ሞቱ፤ ከዓስር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።

የሆስፒታሉ ወሬ ገበያው ደርሷል፤ ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚያወራው ስለ ሟቹ ዝምታ ነው።

«አልፈርድበትም» አለ ሸዋንግዛው። «እኔም ብሆን ለሴት ልጄ አልናገርም። እሷ ምስኪን በየጠዋቱ እያነበበችለት፣ እሱ ይሸሽጋታል።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ የሙንተሃን ትከሻ አሸት አደረገች። «ያንቺን ድርሻ አድርገሻል፣ እቱ» አለቻት። ሙንተሃ ነጠላዋን አፏ ላይ ሰበሰበች።

በዓመቱ፣ ጥያቄውን አለማንበቧን ለማንም ሳትናገር፣ ሱቁን ለሸዋንግዛው ሸጣ ሻሸመኔ ገባች።