ወፍ ያመነ ሚዛን ጠጋኝ

ባሌ ሚዛን ጠጋኝ ነው። የሥጋ ቤቱ፣ የወርቅ ሠሪው፣ የመድኃኒት ቤቱ ሚዛን ሲያኮርፍ የሚያስታርቀው እሱ ነው። እሱ ራሱ ከእኔ ጋር ሲኳረፍ ግን ለመታረቅ ሳምንት ይፈጅበታል፤ ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

አንድ ጊዜ አውራ ጣት የምታህል ወፍ መስኮታችን ላይ እየመጣች መዘመር ጀመረች። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ዜማዋን ይሰማል። የእኔ ሰውዬ የወርቅ ሚዛን አምጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ፤ ሳህኑ ላይ ቆማ እንድትለቅም ጥሬ ከፊቷ በተነላት። መዘናትና ደስ አለው። የብረት መመዘኛ እየቆየ ይዝጋል፣ ይሸረፋል፤ ወፍ ግን ሁሌም ያው ወፍ ናት፣ ከእንግዲህ የሚዛኖቼ ምስክር እሷ ናት አለኝ። ወይ ምስክር!

በማግስቱ ጠዋት ምስክሪቱ ቀለለች። ማታ ከበደች። ጠዋት እንደገና ቀለለች። ሚዛኑን ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ፤ ለውጥ የለም። ብርድ ሲገባማ ጭራሽ ክብደቷ ከድሮው አለፈ። ያን ቀን ጣቶቹን እያገላበጠ ሲያይ ቆየና፣ እጄ ከድቶኛል፣ የሰው ሚዛን ሳበላሽ ኖሬ ይሆናል ብሎ ሱቁን ዘጋ። ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ይባስ ብሎ ሱቁን የሚያሻሽጥለት ደላላ ቀጠረ። ጥግ ይዞ ሲተክዝ ሳየው አንጀቴን በላው።

የሳይንስ አስተማሪ ለሆነችው ልጃችን ደወልኩ። እየሳቀች አስረዳችኝ። ትንሽ ወፍ ቀን ሙሉ ስትለቅም ውላ ስብ ታጠራቅማለች፤ ሌሊት ያንን ስብ እያቃጠለች ሰውነቷን ታሞቃለች፣ ስለዚህ ጠዋት ከስታ ነው የምትነሳው። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ስቡንም ላባውንም ትጨምራለች።

እንዲሁ ብነግረው ሊያጽናኑኝ ፈጥረውት ነው እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ማታ የጋብቻ ቀለበቴን አውልቄ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩና ና እይ አልኩት። ጠዋትም ወፏ ሳትመጣ ደገምነው። ቀለበቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ወዲያው ወፏ መጥታ ሳህኑ ላይ ቆመች፤ እንደ ልማዷ ቀልላለች። የልጃችንን ቃል ያኔ ነገርኩት።



«አንቺስ ለምን እጅህ ደህና ነው አላልሽኝም?» አለኝ።

«መቼ ጠየቅኸኝ? የጠየቅኸው ወፏን ነው» አልኩት። «ይሄን ሁሉ ዘመን እጅህን ይዤ የኖርኩት እኔ ነኝ። ደክሞ ቢሆን ከእሷ በፊት አውቀው ነበር።»

እጄን ያዘኝ። ደላላው በሩን ሲያንኳኳ፣ ሄደሽ ሰውየውን ሸኚልኝ አለኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀም።