ባሩድ የሰፈርኩበት ቀንድ

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ባሌ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ፤ እኔ ከሮቢት በታች ባለችው ጎጇችን ብቻዬን ቀረሁ። ሥራዬ የተተኮሰውን ቀልሃ እንደገና ባሩድ መሙላት ነበር። መጀመሪያ በሲኒ ስባሪ ሰፈርኩ። ማሽላ እንደሚሰፈረው ቆልዬ፣ ምርቃት ጨምሬ። ቸርነት መስሎኝ ነበር። የአንዱ አርበኛ ጠመንጃ ፈንድቶ ጉንጩን ቀደደው።

ከዚያ በኋላ ሌላ መስፈሪያ ፍለጋ አሊዩ አምባ ገበያ ሄድኩ። አሮጊቷ ቀንድ ሻጭ ትልቁን የበሬ ቀንድ ሰጡኝ። እኔ ትንሿን የፍየል ቀንድ አነሳሁ።

"ልጄ፣ ይቺ ምን ትይዝልሻለች?"

"ለሁሉም እኩል ከሰፈረች ትበቃኛለች፣ እማማ።"

ከዚያ ወዲህ ቀንዷን ሞልቼ አፏን በቢላ ጀርባ ሳልጠርግ ባሩድ ሰፍሬ አላውቅም። ባሌ አንድ ማለዳ ጥይት ሊወስድ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አየኝ።

"ለባልሽም ምርቃት የለም?"

"የለም። ያ ሰውዬ ጉንጩን የሰጠው ለምርቃት ነው።"

"ወይ ጉድ! ዳኛ ነው እንዴ ያገባሁት?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀና ብዬም አላየሁት፤ እጄ እንዳይሳሳት ነበር የፈራሁት። ዝናሩን ታጥቆ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ ጓደኞቹ ዝናሩን ብቻ ይዘውልኝ መጡ። ጥይቱ ሁሉ በደንብ ተተኩሷል አሉኝ። ባሩዱን ባልጨምርለትም አብሬው ብስቅ ምን ነበረበት? ይህን ዛሬም ለብቻዬ ስቀመጥ እጠይቃለሁ።

በዝናሩ የነበሩትን ባዶ ቀልሃዎች አውጥቼ ለቀሩት ሰዎች ሞላሁላቸው። የቀንዷን አፍ እየጠረግሁ፣ ለሁሉም እኩል።