የተስፋዬም እናት ነበረች

ወልቂጤ መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አንዱ ተሳፋሪ አንድ ጆንያ ዛላ በርበሬ አምጥቶ ከመቀመጫዬ ሥር ወሸቀው። ረዳቱ በእግሩ ገፋ ሲያደርገው ጆንያው ተነፈሰ። መጀመሪያ እኔ አነጠስኩ፤ ከዚያ ከኋላዬ ያለው ወጣት፤ ከዚያ መኪናው በሙሉ። ሾፌሩ መስኮቱን እየከፈተ «ኧረ ይሄን ነገር ላይ ጫኑት!» ይላል፤ ባለጆንያው ደግሞ ዝናብ ይመታብኛል ብሎ ይከራከራል። እኔ በደህናውም ቀን ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «ወንበሩ ይቆረቁርሻል ወይ?» እያለ ይቀልድብኛል። ያን ቀን ግን ልውረድ ልግባ፣ ቦርሳዬን ልክፈት ልዝጋ እያልኩ የተቁነጠነጥኩት መኪናው ስለዘገየ አልነበረም። ሽታው ቡታጅራ፣ የብርቱካን እናት ግቢ ወስዶ አስቀምጦኝ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ደግሞ እስካሁን ልቤ ያላረፈበት ነገር አለ።

የብርቱካን እናት ጎረቤታችን ነበረች፤ በርበሬ ነጋዴ። ከእንሴኖ ገበያ እያስጫነች ታመጣና ግቢዋ ውስጥ ሸራ ዘርግታ ታሰጣዋለች። ፀሐይ ስትበረታ ግቢው ከቆርቆሮው አጥር እስከ ደጃፏ ድረስ ቀይ ይሆናል፤ መሃሉ ላይ ለእግር የምትሆን ቀጭን መንገድ ብቻ ትቀራለች። እኛ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ እየገባን ዛላውን እንቀነጥስላት ነበር። «ዓይናችሁን እንዳትነኩ!» ትለናለች። እኛ እንነካለን። ከዚያ አንድ በአንድ እየያዘች ከቢጫው ጀሪካን ውሃ እየቀዳች ፊታችንን ታጥባለች፤ እኛ እናለቅሳለን፣ እሷ ትስቃለች። ኮንጎ ጫማ አድርጋ፣ ወገቧን በነጠላ ጠፍራ አስራ፣ ላስቲክ የተጠቀለለችውን ሬዲዮዋን ምሰሶው ላይ ሰቅላ ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አማርኛዋ የጉራጌ ቅላጼ አለው፤ ስትናደድ ግን አማርኛው ሙሉ በሙሉ ይቀርና በራሷ ቋንቋ ብቻ ትወርድብናለች።

በወረቀት ላይ ዘነበች ወልዴ ነበረች። ይህን ያወቅሁት ግን ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። በእኛ ሰፈር አንዲት ሴት የበኩር ልጇን ስትወልድ የራሷ ስም ከሥራ ይወጣል። የቀበሌ መታወቂያና የእድር መዝገብ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ሰው አፍ ላይ የሚገባው የልጇ ነው። እናቴ ለምሳሌ የሰናይት እናት ናት። ሰናይት እኔ ነኝ። ብርቱካን ደግሞ ከእኔ ትበልጥ ነበር፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት። እየጎተተች ነው የምትሠራው፤ ስጮህ «ዝም በይ፣ ቆንጆ መሆን ያማል» ትለኛለች። ከእሷ ቀጥሎ እኩያዬ ተስፋዬ አለ። አባታቸው ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

በአንድ ክረምት ብርቱካን ታመመች። ትኩሳት ነው ተባለ፤ ሆስፒታል ገባች፤ አልተመለሰችም። የለቅሶውን ብዙም አላስታውስም። የማስታውሰው ከአርባዋ በኋላ ሴቶቹ እኛ ቤት ተሰብስበው የተማከሩትን ነው። አንዷ «ብርቱካን ባልናት ቁጥር ሆዷን ማላወስ ነው» አለች፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተስፋዬ እናት እንድትባል ተስማሙ። ማንም ክፉ አላሰበም። እናቴ እኛን ልጆቹን ሰብስባ «ያቺን ስም አፋችሁ ላይ ባገኝ!» ብላ ጣቷን አወዛወዘችብን።

ሴትየዋ ግን አልሰማም አለች። ከአጥር ማዶ «የተስፋዬ እናት!» ብለው ይጣራሉ፤ በርበሬዋን ትቀነጥሳለች። ደግመው ይጣራሉ፤ ቀና አትልም። ሐዘኑ ጆሮዋን ነው የመታው ያሉም ነበሩ። በተጠራች ቁጥር አጠገቧ ተቀምጦ ቀና ብሎ ፊቷን የሚያያት ተስፋዬ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ወንፊት አምጪ ብላ ላከችኝ። እንደ ልማዴ እየሮጥኩ ሄድኩና በሩ ላይ ስደርስ «የብርቱካን እናት!» ብዬ ጮህኩ። የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«አቤት!» አለች ከውስጥ። ወጥታ መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቷል። «አቤት ልጄ! እስኪ ድገሚው።»

ደገምኩት። «አቤት» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ።

እናቴ ከግቢያችን ሰምታኝ ኖሮ ሊጧን ከእጇ ሳታጥብ መጣች። «ይቅር በይን፤ ልጅ ናት፣ አፏ አላርፍ ብሏት ነው» ስትል የብርቱካን እናት አቋረጠቻት።

«ምን አጠፋች? ልጄን ቀበርኳት፤ እሺ፣ የእግዜር ሥራ ነው። ስሟንም ቅበሪ ያለኝ ማን ነው? እናንተ ካልጠራችሁልኝ ማን ይጠራልኛል?»

እናቴ ሊጥ በነካው እጇ ተጠመጠመችባት። ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ ወንፊቱም ተረሳ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ቀስ በቀስ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ እሷም ስትጠራ አቤት ማለት ጀመረች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እንዲህ አልቁነጠነጥም ነበር። ተስፋዬ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ለጥቂት ወራት የእናቱ መጠሪያ ሆኖ ሰንብቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ያ ቦታ ተመልሶ ተወሰደበት። ቆይቶ አንድ ገዢ ደጅ ላይ ቆሞ የብርቱካን እናት እያለ ሲጣራ ተስፋዬ ወጣና «ብርቱካን የለችም! ሞታለች! ያለሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸበት። በርበሬ የምንቀነጥሰው ልጆች ሁሉ ሰማን። እናቱም ሰማች። አልመታችውም፤ አልተቆጣችውም። ምሳውን ከሌላው ቀን አብዝታ አቀረበችለት፤ ከዚያ ወደ ደጅ ወጥታ ገዢውን «አቤት» አለችው። እሷን በጣም እወዳት ነበር፤ እሱ ደግሞ አንጀቴን በላው። ማንኛቸው ልክ እንደነበሩ ያኔም አላወቅሁም።

አድገን ተበታተንን። እኔ ወልቂጤ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ ቀረሁ። ተስፋዬ አዲስ አበባ ዘመድ ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ እናቱ ስትደክም ጠቅልሎ ተመለሰ። ሚስትም አላገባ። ጣሪያዋን አደሰላት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ይሰጣታል፣ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ያመላልሳታል። ለዲጂታል መታወቂያ ያስመዘገባትም እሱ ነው። የዚያን ቀን የሆነውን እሷው ራሷ እየሳቀች አጫውታኛለች፦ «መዝጋቢው ልጅ ዘነበች ወልዴ፣ ዘነበች ወልዴ እያለ ይጣራል። እኔ ደግሞ ይቺ ሴት የት ሄዳ ነው ሰው የምታስጠብቀው እያልኩ እናደዳለሁ። ለካ እኔው ነኝ!» ተስፋዬ ጎኗ ተቀምጦ እየሳቀ ትራሷን ያስተካክልላት ነበር።

ያረፈችው ለመስቀል ቡታጅራ ሄጄ ገና ሳልመለስ ነው። ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው ለሰፈሩ አዲስ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። «ወይዘሮ ዘነበች ወልዴ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት ነው!» እያሉ አለፉ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «ማናት ደግሞ? እግዜር ነፍሷን ይማር» አለችና ብርድ ልብሷን ሳበች። እኔ ግን የመታወቂያው ጨዋታ ትዝ አለኝ። ተሳስቼ በሆነ እያልኩ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ።

ተስፋዬ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በራቸው ላይ ብቻውን ቆሟል። መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም ያያል። አንድም በር አልተከፈተም።

«ሰው የለም፣ ሰናይት» አለኝ። «ሰው ሁሉ እንዴት እንዲህ ጨከነባት?»

«አላወቋትም እኮ» አልኩት። «ዘነበች ማለት ማን እንደሆነች ማን ያውቃል?»

ጥሩምባ ነፊው ዞረው ሲመለሱ ነገርናቸው። «እኔ መዝገቡ ላይ ያለውን ነው የተናገርኩት» አሉ ቅር ብሏቸው። ከዚያ ተስፋዬን ከላይ እስከ ታች አዩትና ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ልጃቸው ነህ አይደል? ስምህ ማነው?»

«ተስፋዬ።»

«በቃ፣ የተስፋዬ እናት ብዬ እደግመዋለሁ።»

ተስፋዬ ወደ ቤቱ ውስጥ ዞር ብሎ አየ። ስሙ ከእናቱ ጋር በየበሩ ሊጠራ ነው፤ አልሰማም የምትለዋ ሴት ደግሞ ውስጥ ተጋድማለች። እሺ እንዲል ተመኘሁ፤ አልዋሽም፣ ከልቤ ተመኘሁ። ሽማግሌው ጥሩምባቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አይሆንም» አለ። «የብርቱካን እናት ይበሉ። እንደሱ ካላሉ አትሰማም።» ያለው ነገር ገብቶት ፊቱን አዞረ። «ማለቴ፣ ሰው አይሰማም።»

ጥሩምባው እንደገና ሲነፋና ስሟ ሲጠራ መንገዱ ሁሉ ነቃ። በሮች በላይ በላዩ ተከፈቱ። እናቴ ጫማ ሳታደርግ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ «ወይኔ የብርቱካን እናት!» እያለች በአጠገቤ አለፈች። ፀሐይ ሳትወጣ ግቢው ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ካህናቱ በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ብለው ፍትሐት ሲያደርሱላት ሴቶቹ የማን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ተያዩ።

በሠልስቷ ዕለት አንዲት ባልቴት ከድንኳኑ ሲወጡ የተስፋዬን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አይዞህ የብርቱካን ወንድም፤ እግዜር ያጽናህ» አሉት።

«አሜን» አለ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ድንኳኑን ሲያጣጥፍ በአንድ በኩል ያዝኩለት። አፌ አላርፍ ብሎኝ ጠየቅሁት።

«ቅር አይልህም፣ ተስፋዬ?»

«ይለኛል እንጂ» አለ፤ ሸራውን በጉልበቱ እየተጫነ። «ግን ሰው ሁሉ ነቅሎ መጣላት አይደል?»

ቤቱን ሰፈሩ ዛሬም የብርቱካን እናት ቤት ነው የሚለው። ሲያንኳኩ የሚከፍተው ግን ተስፋዬ ነው።