የጡት ልጅ ዘር

እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሎረንስቪል፣ የአባቴ ወንድም የሆኑት አጎቴ ቤት መጡ። ስቶን ማውንቴን ለሚኖር፣ ለምወደው ሰው እኔን ሊጠይቁ ነው የመጡት። ልጅቱ ሽማግሌ ፊት አትቀመጥምና ኩሽና ቆሜ የታጠቡ ብርጭቆዎችን እንደገና አጥባለሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። አጎቴ ዩኒቨርሲቲ የማጠናውን ነገሯቸው፤ የሞንጎሎቹን ታላቅ ካን ዘር፣ ከእሱ እወለዳለሁ ያለው ማን እንደሆነ፣ ያንንስ ማን እንዳመነ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር፣ “የሰው አገር ንጉሥ ዘር ስትቆጥር ከምትውል የእኛን ሰባት ቤት ብትቆጥርልን ምን ነበረበት” አሉና ሳቁ።

ከዚያ ቆጠራው መጣ። በእኛ ወግ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙ ሰዎች አይጋቡም። የልጁ ወገን አስቀድሞ ቆጠረ። አጎቴ ተከተሉ። አምስተኛው አባታችን ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ እንደሚሆኑት ድምፃቸው ሞላ። እኚያ ሰው አገር ያስተዳደሩ ናቸው፤ አጎቴ ቤት ልደት ሲከበር እንኳ ሳይነሡ አይቀሩም።

ስማቸው ሲጠራ አንዱ ሽማግሌ ቆጠራውን አስቆሙ። የልጁ ወገን ስድስተኛ አድርጎ የጠራው እኚህኑ ሰው ነበር። አገሩ አንድ፣ የተቀበሩበት ደብርም አንድ።

“በሉ እንግዲህ” አሉ የታክሲ ሹፌሩ ቀስ ብለው። “ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው።”

እስከ ረቡዕ ቆይተው ለልጁ እንደሚነግሩት ተናገሩና ወጡ። ስልኬ ላይ ከልጁ “እና?” የሚል መልእክት መጣ። አልመለስኩም።

መመለስ ያቃተኝ የማውቀው ነገር ስለነበረኝ ነው። የአባቴ አክስት አንድ ጊዜ በስልክ እንዳጫወቱኝ፣ አራተኛው አባታችን የእኚያ ሰው የአብራክ ልጅ አልነበሩም። ወላጅ አልባ ሆነው ሲመጡ ሰውየው አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው እንደ ጡት አጠቧቸው፤ በምስክር ፊትም የጡት ልጃቸው አደረጓቸው። ስለዚህ እኔና የምወደው ሰው በደም አንገናኝም። ግን ይህን ብናገር አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኩበትን አባት በሽማግሌ ፊት መንጠቄ ነው።

ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ጓሮ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። የጥናቴን ወረቀት ከፈትኩ። እዚያም የማገኘው ይኸው ነው። ከካኑ ዘር ያልተወለዱ ገዢዎች ካን ለመባል አልደፈሩም፤ ከዘሩ ሴት ልጅ አግብተው “አማች” የሚለውን ማዕረግ ይዘው ነገሡ። ዛሬ በእስያ ብዙ ወንዶች የሚጋሩት የዘር ምልክት የእሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ መቃብሩ ስላልተገኘ ግን የሚመሳከርበት አጥንት የለም። እኔም በየገጹ “ሊሆን ይችላል” እያልኩ አልፋለሁ። ለራሱ የሚጠቅመውን የሚናገር ምስክር ካገኘሁ ደግሞ ዳር ላይ ምልክት አደርግበታለሁ።

አሁን ያ ምስክር እኔ ነኝ። ያለኝ የአንዲት አሮጊት ቃል ነው፤ እሱም የምፈልገውን ነገር ብቻ ይናገራል። ባልወደው ኖሮ አምነው ነበር? አላውቅም። ልቤ ግን አላረፈም።

ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው አጎቴን ታከር ውስጥ ወደሚሠሩበት መጋዘን ይዣቸው ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ሬዲዮውን አጠፋሁት፤ መልሼ ከፈትኩት፤ አጠፋሁት።

“ምን ሆነሻል ዛሬ?” አሉኝ።

ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል ነገርኳቸው። ማሩን፣ አውራ ጣቱን፣ ማን እንዳጫወተኝም።

“ለእኔም የነገረችኝ እሷው ናት” አሉ አጎቴ። “ገና ልጅ ሳለሁ።”

“ታዲያ ጋሼ፣ ትናንት ለምን…”

“የጡት ልጅ ልጅ አይደለም እንዴ? ያሳደጉ እሳቸው፣ መሬት የሰጡ እሳቸው።”

“ልጅ ነው። ግን እነሱ የጠየቁት ደም ነው። የጡት ዝምድና ጋብቻ ይከለክል እንደሆነ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ይወስኑ፤ ብቻ ሳያውቁት አይወስኑ።”

መጋዘኑ ደረስን። ፓርክ አደረግኩ። አጎቴ የበሩን እጀታ ይዘው ቆዩ።

“እኔ በአፌ አልለውም” አሉ። “ካልሽ አንቺ በይው። ግን አሳጥረሽ አትንገሪያቸው። ማሩንም፣ ምስክሮቹንም፣ መሬቱንም ንገሪያቸው።”

ሽማግሌ ፊት ቡና እንኳ ደፍሬ የማላቀርብ ሰው ነኝ። ስልኬን አወጣሁና ለታክሲ ሹፌሩ ደወልኩ። መጥራት ሲጀምር አጎቴ እጀታውን ለቀቁት፤ አብረውኝ ሊሰሙ ከመኪናው አልወረዱም።