የተከደነው ጉድጓድ

የቦኖው ውሃ ባዶ ባልዲዬን እየመታ ሲጮህ ያ በጋ ይመጣብኛል። ያኔ ኮልፌ ቦኖ ገና አልገባም ነበር፤ ምንጩም ደርቋል። ታናሽ እህቴ በትኩሳት ተኝታ ውሃ ትለምነኛለች። እናታችን ልትቀዳ ወደ አስኮ እንደሄደች ቆየች። ስለዚህ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ ሰምጣ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ተከድኖ የኖረውን ጉድጓድ ከፍቼ ቀዳሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ፊቴ አልታየኝም።

እህቴ ጠጥታ ስታበቃ እናቴ ባዶ እንስራ አዝላ ገባች። ጣሳውን አየችና፣

“ከየት አመጣሽው?” አለችኝ።

ነገርኳት። አልመታችኝም። የተረፈውን ጨለጠችና፣

“ልጄን ልትወስድ ከመጣች መጀመሪያ እኔን ታግኘኝ” አለች።

ማን እንደምትመጣ ያኔ አልገባኝም።

እህቴ በሦስተኛው ቀን ተነሣች። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ ጉድጓድ ውሃ በቀር ሌላ አትጠጣም።